የማስታወሻው ዓምድ

ሰኞ ጧት ዱሉት ላይ፣ ሐይቁ ጉም ተፍቶ፣
አዲሱ እትም ገባ፣ አሮጌውን ገፍቶ።
አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ ሰማያዊው መስመር
አንዴ ሲሮጥ፣ አንዴ ዘጠና ላይ ሲያድር፣
እኔ ጓንቴን አውልቄ፣ ጣቴን እያሞቅኩ፣
«ምን አዲስ ነገር አለ» የሚለውን አነበብኩ።

ፈጣን ነው ይላል። ውሸት የለውም።
የቀድሞው ሲያምጥ የሚውለውን ከፍታ
ይሄኛው ቀለም ቀብቶ ያመጣል ባንድ አፍታ፤
የኮረብታው ጥላ በልኩ ይወድቃል፣
ወንዙ የት እንደሚጠብ መስመሩ ያውቃል፤
ለዓይን የሚመች ጥቁር መደብም አለው፣
እንደኔ አምሽቶ ለሚሠራ ሰው።

የካውንቲውን ይዞታ ከፈትኩ፤ ሁሉም ገባ፣
ሠላሳ ስምንት ሺህ ቁራሽ፣ ስፌቱ ሳይዛባ፣
አጥር ካጥር ገጥሞ፣ ቁጥር ከቁጥር ታርቆ፤
ጎረቤት ከጎረቤት እንዲህ ተጠባብቆ
የኖረበት ዘመን የለም።

ብቻ አንድ ዓምድ ጎደለ።
ፕሮግራሙ በትሕትና፣ በትንሽ ቢጫ ሳጥን፣
«ደረጃውን ያልጠበቀ ዓምድ ታልፏል» አለ።
ከሥሩ አንድ አዝራር፦ «እሺ»።
እምቢ የሚል የለም።

ዓምዱ የአርቪድ ነበር፣ የቀያሹ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ረግረግ የቀየሰ፣
ለትንኝ ደሙን በነፃ ያፈሰሰ፤
ችካሉን ተክሎ፣ ጭቃውን አራግፎ፣
ማታ ይተኛ ነበር እዚያች ዓምድ ላይ ጽፎ፦

«እዚህ ምንጭ አለ። በጥርም አይቀዘቅዝ።»
«ውሻው ይናከሳል። ባለቤቱ ይብሳል።»
«ችካሉ ልክ ነው፤ የሄደው ዛፉ ነው።»
«ሁለት ወንድማማቾች። ስለ አጥሩ አትጠይቅ።»

ሐሙስ ማመልከቻ መጣ፤ የጋራዥ ፈቃድ፣ ባለ ሁለት መኪና፣
ቁራሽ ሰባት መቶ አሥራ አራት።
ስክሪኑን አየሁ፤ አረንጓዴ፣ ንጹሕ፣ ባዶ መሬት።
እጄ ማኅተሙ ላይ ሳለ አንድ ነገር ጎተተኝ፣
ድሮ አንብቤ የረሳሁት።

ምድር ቤት ወረድኩ። አሮጌው ኮምፒውተር፣
በእርሳስ ጫፍ ካልወጉት የማይነሣ፣
አቃሰተ፣ አቧራ ተነፈሰ፣ ተነሣ።
ካርታውን እንደ ሽማግሌ ካፖርት
እጅጌ በእጅጌ ለበሰ።
ዓምዱ አለ። ረድፉም አለ፦
«የወይዘሮ ላህቲ ሕፃን እዚህ ነው። ድንጋይ የለውም።
ከትልቁ ጥድ ሦስት እርምጃ ወደ»
እዚያ ላይ ተቆርጧል።
ለካ እሱም ልክ ነበረው፤
ከዚያ በላይ ፊደል አይችልም።
አሮጌ ስለሆነ ብቻ ደግ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

አርቪድ ጋ ደወልኩ። ከቴሌቪዥን ጩኸት መሀል
«ጥዱ አለ?» አለኝ፣ ደህና ዋልሽ ሳይል።
«አለ።»
«ወደ ደቡብ ነዋ። እናቱ ናት ሐይቁን ይይ ያለች።»
ዝም አለ፤ ቴሌቪዥኑ ሳቀ።
«ግን በኔ እርምጃ ነው። አንቺ አጭር ነሽ፣
አምስት አድርጊው።»

ቅዳሜ በረዶውን እየሰበርኩ ለካሁት፤
አምስት፣ አንዷ ትንሽ ዘለግ ያለች።
ሰኞ፣ «ጋራዡ ወደ ምሥራቅ ይሽሽ» ብዬ ጽፌ፣
በአዲሱ እትም አንዲት ነጥብ ተከልኩ።
«ርቀት?» አለኝ። ሦስት።
«መለኪያ?» ሜትር ዘረዘረ፣ ጫማ፣ ማይል፣ ሰንሰለት፤
እርምጃ የሚባል አያውቅም።
ግን ይሄኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣
የማያውቀውን መለኪያ ይቀበላል፤
ስሙን ብቻ ጠየቀኝ።

«አርቪድ» ብዬ ጻፍኩ።
ከጥዱ ሦስት አርቪድ፣ ወደ ደቡብ።

ቢጫው ሳጥን ብቅ አለ።
«እሺ» አልኩት።